እትዬ መዲና የሰበሰበችው ሞተር

የእትዬ መዲናን ማረፍ የሰማሁት ደሴ መናኸሪያ ቆሜ ነው። ድሮ አብረን የሠራን አንድ ሾፌር ከሐይቅ ከተማ ገብቶ የመኪናውን በር ሳይዘጋ፣ "ያቺ ብረታ ብረት ሻጭ ሴትዮ እኮ አረፈች" አለኝ።

"የትኛዋ?" አልኩት፣ ልቤ እያወቀው።

"የዓይነ ስውሩ ሚስት ናታ!"

ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። እዚያው የሻንጣ መጫኛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሞቷ ጋር ተደርቦ ያመመኝ "ብረታ ብረት ሻጭ" መባሏ ነው። እርግጥ ትሸጥ ነበር፤ ማንም የሚያውቃት በዚያ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በመካኒክነት ስሠራ፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡትንም ጨምሬ፣ የሞተር ዕቃ እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ሐይቅ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ በመንገድ ጥገና ካምፕ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጥቂት ዓመት ስለሠራሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በገባሁ በሳምንቱ የአንድ መኪና ካርቡራተር መርፌ ጠፋብን። የጋራዡ ሰዎች ሁሉ በአንድ አፍ "መዲና ዘንድ ሂድ" አሉኝ።

ከገበያው ዝቅ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ማዳበሪያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። የሌሎች ሴቶች ጣት በእንሶስላ ሲቀላ የእሷ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ማዳበሪያው ላይ ማረሻ፣ ማጠፊያ፣ የተቃና ምስማር፣ የከባድ መኪና ፒስተን ተደርድሯል። ከጎኗ ለብቻው፣ ፀሐይ ላይ፣ አንድ ያረጀ ካርቡራተር አየሁና አነሳሁት።

"ይሄ የውሃ ሞተር ነው። መርፌው ይሆነኛል" አልኳት።

"አይ የኔ ጌታ! እሱ ውሃ ስቦ አያውቅም።"

ሳቄ መጣ። እሷ አልተቆጣችም። ዕቃውን ተቀብላ አንዷን ዘንግ አሳየችኝ። ትንንሽ፣ ጠርዛቸው የተሞረደ ሦስት ቀዳዳዎች ተበስተውባታል።

"ይሄን ለምን የበሱት ይመስልሃል?"

"እኔ እንጃ።"

"እንዲቀል ነው። ለወፍጮና ለውሃ ሞተር ብረት እየበሳ የሚያቀል ማን አለ? የሚቸኩል ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ብሎኑንስ አየኸው? ራሱ ተበስቷል። በሩጫ ሲንቀጠቀጥ እንዳይፈታ በቀዳዳው ሽቦ አሳልፈው ያስሩታል። ይሄ የሚሽቀዳደም መኪና ዕቃ ነው፣ ወንድምዓለም። ደግሞም አይሸጥም።"

ከዚያ አንድ ጣሳ ከፈተች፤ የእኔን መኪና ዓይነት ጠየቀችኝና ከመቶ ከሚበልጡ መርፌዎች መሃል አንዷን በሁለት ጣቷ አወጣች። ጋራዥ ወስጄ ብሞክራት ልክክ አለች። በማግስቱ ላመሰግናት ብሄድ ወደ ቤት አስገባችኝ።

ባሏ አያ ሁሴን መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰው ነጭ ሆነዋል። "መካኒክ ነው አሉ፤ እስቲ እጅህን" አለና መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጥቂት አሰበና "ገና ነህ" አለኝ።

መዲና ከምድጃው በኩል ሳቀች። "አብሽር፣ እኔንም እንደዚያ ብሎኝ ነበር።"

ታሪካቸውን ቀስ በቀስ ነው የሰማሁት። ሁለቱም የአምባሰል ልጆች ናቸው። በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ አስመራ ወጡና አያ ሁሴን ሲኞር ብሩኖ የሚባል ጣሊያን ጋራዥ ገባ። ብሩኖ መኪና ያሽቀዳድም ነበር። እሱ ይነዳል፤ ሞተሩን የሚፈታው፣ የሚሞርደውና የሚገጥመው ሁሴን ነው። ኋላ ውድድሩ ቀረ፤ ብሩኖም ደሴ ወርዶ ጋራዥ ከፈተ። ሁሴን "ለአገሬም ቀረብኩ" ብሎ ተከተለው። ዓይኑ መድከም የጀመረው ያኔ ነው። መዲና ምሳ ልታደርስለት እየሄደች "እስቲ ይሄን ቁጥር እይልኝ፣ ይሄ ጠርዝ ተበልቷል?" ሲላት፣ ውላ አድራ ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋል ጀመረች። ፊደል አልቆጠረችም። ብረት ላይ የተቀጠቀጠ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ግን እንደ ከብት ምልክት በመልኩ ታውቀዋለች።

አብዮቱ መጥቶ ጋራዡ ሲወረስ ብሩኖ አገሩ ሊገባ ተነሳ። የድሮዋ የውድድር መኪና አካል በዝገት አልቋል። ሞተሯ ግን ተፈታታ በአንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበረች። ያን ሣጥን ለሁሴን ሰጠው። "እስክመለስ አደራ" አለው፤ ተቃቅፈው ተለያዩ።

ሐይቅ ገብተው ጎጆ እንደቀለሱ የአሰሳው ጊዜ ደረሰ። የመጡት ሰዎች ሣጥኑን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ብረት በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጥርጣሬ ገባቸው። "የመሣሪያ ክፍል ነው" ብለው ሣጥኑንም ዓይነ ስውሩንም ወሰዱ። ሁሴን አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ከባዶው ሣጥን ጋር ተፈታ። ብረቱ ግን ከእስር ቤቱ ግቢ ጀርባ ተደፍቶ ነበርና እሱ እስኪወጣ የአገሬው ሰው እያነሳ ወስዶታል። ብረት ለገጠር ሰው መቼም አንድ ነገር ይሆናል።

ብረት መሸጥ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው አሮጌ ብረት ይዞ እንዲመጣላት ብላ ነው። ንግዱ ሰበብ ነበር።

እኔ ስደርስ ከግማሽ በላይ ሰብስባለች። ፒስተንን የሚገፋው ክንድ፣ እኛ ቢዬላ የምንለው፣ አንዱ ጨው ሻጭ ቤት የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ነው የተገኘው። አንዱን ፒስተን አንዲት ባልቴት ገልብጣ በርበሬ ትወቅጥበት ነበር። ለአንዱም ቢሆን "የእኔ ነው" ብላ አልነጠቀችም፤ የተሻለ ነገር ይዛ ሄዳ ትለውጣለች። አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ አምባሰል በሚወጣው አቀበት ላይ፣ የሞተሩ ክብ ብረት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል እንደሚመታ ሰማች። አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌው ቄስ በትሕትና ሰሟትና፣

"ልጄ፣ አደራነቱ ይገባኛል። አሁን ግን የእግዜር ሆኗል" አሏት።

"የእግዜር ከሆነማ አባ፣ ለእግዜር የሚያምር ድምፅ አይገባውም? ይሄን ለሩጫ ብለው ጎኑን በሳስተውታል፤ ክብደት የለውም፤ ድምፁም እንደ ጉንፋናም ሰው ነው። እስቲ አንዴ ይምቱት።"

መቱት። እውነትም ጉንፋን የያዘው ይመስላል። በሳምንቱ አለቃዬን አስፈቅጄ አንድ የተጣለ የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር በአህያ ጭነን ወጣን። ቄሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለው እያፈራረቁ መቱ። ታምቡሩ ሲመታ ሸለቆው ሁሉ መለሰ።

"ይሄማ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ይሰማል!" አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ "አንቺ እስላም ሆነሽ ደወል አመጣሽልን።"

"ሰው ይሰብሰብበት እንጂ አባ፣ እኔን ምን ይቸግረኛል።"

ቤት ሲገባ ሥራው ይጀመራል። ብረቱን ጋዝ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ታወጣና በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋ ከአስተማሪዎች የለመነችውን ጠመኔ ፈጭታ ትነሰንስበታለች። ስንጥቅ ካለው በስንጥቁ የገባው ጋዝ መልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያሰምራል። መስመር ከሌለ ለአያ ሁሴን ታቀብለዋለች። እሱ በክር አንጠልጥሎ በማንኪያ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ "ከዚያ ሣጥን የወጣ ነው" ብሎ ቢዬላ አመጣ። መዲና አየችውና ለባሏ አቀበለችው። ሁሴን በጣቱ ጫፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰሰው።

"ይሄ የትራክተር ነው" አለ። "የእኛ እንደ መስተዋት ተወልውሏል። ጭረት ካለበት በሩጫ ሰዓት ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ ነኝ ያንን የወለወልኩት፤ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።"

"እንዴት በአንዴ አወቅከው?" አልኩት።

"አንተ የሚስትህን እጅ አታውቅም?"

ያኔ ሚስት አልነበረኝም። መዲና ፊቷን አዞረች።

መጨረሻ ላይ የተገኘው ማግኔቶው ነው። ማግኔቶ ያለ ባትሪ፣ በራሱ መሽከርከር ብቻ እሳት የሚያመነጭ ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ ያ ሞተር ሬሳ ነው። አንድ የአምባሰል ገበሬ የንብ ቀፎ ክዳን መጫኛ አድርጎት ክረምት አልፎበት ነበር። ውስጡ የተጠመጠመው፣ ከፀጉር የማይወፍረው ሽቦ ሁሉ በስብሷል። መዲና ከአሮጌ ራዲዮኖች ሽቦ ለቅማ እንደገና ልትጠመጥመው ተቀመጠች። አያ ሁሴን ከጎኗ ሆኖ እንዲከታተላት እያንዳንዱን ዙር ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። በተሳሳተች ቁጥር ፈትታ ከመጀመሪያው። ጎረቤቶቿ በበሩ ሲያልፉ ዚክር የያዘች መስሏቸው "እኛንም በዱዓ አስቢን" ይሏት ነበር። ክረምቱ እንዲህ አለቀ። የደከመውን ማግኔት ደግሞ እኔ ጋራዥ ወስጄ በከባድ መኪና ባትሪዎች ጉልበት ሰጠሁት፤ ቀድሞ አንድ ምስማር የማያነሳው አሥራ ሁለት አንጠለጠለ።

ሲገጣጠም አያ ሁሴን "የሽቦውን ጫፍ ለእኔ" አለ። "አይሆንም፣ ይመታሃል" አለችው። አልሰማትም፤ ያዘው። መዲና አንድ ጊዜ አሽከረከረችው። ሽማግሌው ከመደቡ ዘለለ፤ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ። እሷ እጁን ይዛ ጣቶቹን ታሻሽለት ጀመር። ተነስቼ ወጣሁ።

ሣጥኑ ያኔ ሞላ ማለት ይቻላል። የሚመለሰውን ሰው መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ።

ያን ዓመት የኖረበት ያውቀዋል፤ ላልኖረበት ማስረዳት አልችልም። ከከተማው ወጣ ብሎ መጠለያ ተሠራ። ከአምባሰልም ከቆላውም የመጣው ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። ውሃ ከሐይቁ በአንድ ሞተር ተስቦ ወደ ትልቅ በርሜል ይወጣና እዚያ ተጣርቶ ይታደላል። አንድ ቀን የዚያ ሞተር ማግኔቶ ተቃጠለ። እኔ ተጠርቼ አየሁት፤ የሚጠገን አልነበረም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ሦስት ቀን አለፈ፤ አምስት ቀን አለፈ። ሕዝቡ ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደ ከብት ከሚጠጣበት ረግረግ ይጠጣ ጀመር። ሕፃናት በተቅማጥ እንደ ቅጠል ረገፉ።

በስድስተኛው ቀን እትዬ መዲና ከመጠለያው ስትመጣ ቤታቸው ነበርኩ። ብረት አልሸጠችም፤ ቀብር ውላ ነው የመጣችው። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ አፍ አውጥቼ ማግኔቶውን ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ለመጠየቅ መምጣቴን ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

"አደራ ነው፣ መዲና" አለ አያ ሁሴን፣ ገና ምንም ሳትናገር።

"አውቃለሁ።"

"የሰው ነው። ነገ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ሁሴኔ። ዛሬ ሦስት ልጆች ቀበርን።"

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

"የእነሱ ሞተር ወደየት ነው የሚዞረው?"

"ወደ ግራ።"

"የእኛ ወደ ቀኝ ነው። እንግዲያው ውስጡ መለወጥ አለበት። ሞረዱን አምጪ፣ መዲና።"

ሞረዱን እሷ ያዘች፣ እሱ በጣቱ እየለካ "ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ" ይላታል። በማግስቱ ጠዋት መዲናና እኔ ማግኔቶውን በነጠላ ጠቅልለን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። እየገጠምነው ሳለ የመጠለያው ኃላፊ የርክክቡን ወረቀት እንድፈርም ወደ ላይ ጠራኝ። እዚያ በርሜሉ አጠገብ ብዕር ይዤ ቆሜ ነው የሞተሩን ድምፅ የሰማሁት። ቧንቧው ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ሴቶች እልል አሉ። መዲና ከታች ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ማንም አላወቃትም፤ ተሰልፋ አንድ ኩባያ ውሃ ተቀብላ ጠጣችና ወደ ባሏ ሄደች።

ሞተሩ አራት ወር ሠራ። ከዚያ አዲስ ሞተር መጣ። እኔ ለመንገድ ሥራ ወልድያ በሄድኩበት ሳምንት አሮጌውን ጭነው ወደ ሌላ መጠለያ ወሰዱት፣ ማግኔቶውም አብሮ። ስመለስ ደሴ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፤ የፈረምኩበትን ወረቀት የሚያውቅ የለም። ባዶ እጄን ስመለስ መዲና ከሩቅ አይታኝ ገባት። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። "ምሳ በልተሃል?" ነው ያለችኝ። እኔ ግን ያን ቤት ከዚያ በኋላ ሳልሸማቀቅ ገብቼበት አላውቅም።

አያ ሁሴን በሁለተኛው ዓመት ታመመ። ሊሞት ሰሞን "ያቺ ነገር ተመለሰች?" ብሎ ጠየቃት።

ኋላ እንዲህ አለችኝ፦ "ለሌላ ሰው ቢሆን እዋሽ ነበር። ለእሱ እንዴት እዋሻለሁ? ብዋሸው 'እስቲ አምጪልኝ፣ ልንካት' ይለኛል። 'አልተመለሰችም' አልኩት። 'እንግዲያው ሰውየው ሲመጣ ራስሽ ንገሪው፣ ከሌላ እንዳይሰማ' አለኝ።"

እኔ ብሩኖ ይመጣል ብዬ አላምንም ነበር። ጦርነቱ በሰሜን እየበረታ፣ መንገዱ በኬላ ተሞልቶ ማን ይመጣል? ሁሴን በሞተ በዓመቱ ግን የእርዳታ መኪናዎች የሚጠግኑ ፈረንጆች በሐይቅ ሲያልፉ፣ ከመኪናቸው አንድ ጎባጣ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ወረደና ጋራዣችን ገብቶ በተሰባበረ አማርኛ "ሁሴን፣ መካኒክ፣ ሚስት መዲና" አለ። ራሴ ነኝ ይዤው የሄድኩት።

በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "መዲና፣ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ሲኞር።"

"ሁሴን?"

ወደ ላይ፣ መቃብሩ ወዳለበት ጋራ አመለከተችው። ብሩኖ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሣጥኑን አውጥታ ፊቱ ከፈተችው። አንድ በአንድ እየፈታ ያይ ጀመር። ቢዬላውን ሲያገኝ መነጽሩን አወለቀ፤ ብረቱን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ቆየ። የመጨረሻውን ጨርቅ ሲፈታ እኔ መናገር ጀመርኩ።

"ሲኞር፣ አንድ ዕቃ ጎድሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የፈረምኩት እኔ..."

"ተው" አለችኝ መዲና። እንዲህ ቆጣ ብላ አይቻት አላውቅም። "አንተ ፈረምክ እንጂ አልሰጠህም።" ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ቀጥ ብላ ቆመች። "ማግኔቶው የለም። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሰው ውሃ አጥቶ ሲያልቅ ለውሃ ሞተር ሰጠሁት። አልተመለሰም። አደራህን አጉድያለሁ።"

ሽማግሌው ገብቶት እንደሆነ አላወቅንም። እየደጋገመ "አኳ? ውሃ?" አለ። አዎ አልነው። ከዘራውን ይዞ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። መዲና እጆቿን አጣምራ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች። ከዚያ ቀና አለ።

"ተነሳ? ሞተር ተነሳ?"

"ተነሳ።"

"ስንት ጊዜ አዞርክ? ማኖቬላ፣ ስንት?" የማስነሻውን እጀታ እንደሚያዞር ሰው እጁን አዞረ።

"ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ተነሳ።"

"አይደለም!" አለ ሽማግሌው። ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። "እኔ ጋ ሁልጊዜ ስድስት! ሰባት! ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ሌላ መኪና ይሄዳል፣ ብሩኖ ገና ያዞራል!"

"ወላሂ በሁለተኛው!" አለች መዲና፤ ድንገት ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌውም ሳቀ፤ ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

ሣጥኑን ይዞ ከመሄዱ በፊት መቃብሩን ማየት ፈለገ። እኔና እሱ ቀስ እያልን ወጣን። መዲና የአገሩን የሴቶች ወግ ጠብቃ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ከአጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆመች። ብሩኖ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ድንጋዮቹን እያየ ቆመ። ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁ ከታች ተኝቷል። ከኋላችን ድምፅዋን ሰማሁ። ጮክ ብላ አይደለም፤ ማዶ ክፍል ያለ ባሏን እንደምትጠራ ነው።

"ሁሴኔ፣ ሰውየው መጥቷል። አስረክቤያለሁ። የጎደለውንም ራሴ ነግሬዋለሁ።"